ሦስት ሰዓት፣ በኢትዮጵያ

«መልሱ መጣ?» አለ የማርያማዊት አጎት እንግዳው፣ የፎቶ ኮፒ ማሽኑን ሆድ ከፍቶ የተነከሰ ወረቀት እየጎተተ።

«መጥቷል» አለች ማርያማዊት ዐይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል።

«ምን ትላለች ታዲያ?»

«እሺ ብላለች።»

«እሰይ!» ብሎ አጎቷ ቀለም በነካው እጁ አጨበጨበና ወደ ማሽኑ ተመለሰ። እሱ እንግሊዝኛ ስለማያነብ የፎቶ ኮፒ ቤቱን ኢሜይል እየከፈተች የምታነብለት እሷ ናት። የደባርቅ ሰው ማመልከቻ፣ የስኮላርሺፕ ፎርም፣ የቱሪስት ደብዳቤ ሁሉ በእሷ ዐይን ሥር ያልፋል። የትምህርት ቤቱ የእንግሊዝኛ ክበብም ደብዳቤውን የላከው በዚሁ አድራሻ ነበር።

መልሱ አራት መስመር ነው። ዳርሲ ሆልብሩክ፣ ዕውቋ አውስትራሊያዊት የጎልፍ ተጫዋች፣ ከደባርቅ ተማሪዎች ጋር በቪዲዮ ብትነጋገር ደስ እንደሚላት ጽፋለች። አሁን ለውድድር አውሮፓ ውስጥ ናት፤ ያላት ጊዜ ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው። ቀጥሎ «ቅዳሜ 3፡00 ፒኤም፣ በኢትዮጵያ ሰዓት» ይላል። የመጨረሻው መስመር ደግሞ «ከጤናዬ ጋር ለመነጋገር ጓጉቻለሁ» የሚል ነበር።

ማርያማዊት ሌላውን አንድ ጊዜ አነበበችው። የመጨረሻዋን መስመር ግን አምስት ጊዜ ሳታነባት አልቀረችም። ከጤናዬ ጋር። ከማርያማዊት ጋር አይደለም። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ተንገበገበ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልጋትም፤ ቅናት ነው።

ዳርሲ ሆልብሩክን ለትምህርት ቤቱ ያገኘችው እኮ እሷ ናት! የዛሬ ሁለት ዓመት ሴትየዋ ስሜን ተራሮችን ልታይ መጥታ የገናን ዕለት ደባርቅ ውላ ነበር። ጎረምሶቹ ሜዳው ላይ በቆልማማ ዱላ ሩሯን፣ ያቺን የእንጨት ኳስ፣ እየመቱ ገና ሲጫወቱ ቆማ አየች፣ አየችና ዱላውን ለመነች። ሰው ሁሉ ፈረንጅ ልትቀልድ ነው ብሎ ሳቀ። እሷ እግሯን ከፈት፣ ጉልበቷን ሰበር አድርጋ አንዴ ስትላት ሩሯ ሜዳውን አቋርጣ፣ የባሕር ዛፉን አጥር ዘልላ፣ ከመንገዱ ማዶ ከቆመች የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እግር ሥር ወደቀች። ተማሪዋ ማርያማዊት ነበረች። ሩሯን አንሥታ በሩጫ ስትመልስላት ሴትየዋ ጎንበስ ብላ «ስምሽ ማን ነው?» አለቻት። ማርያማዊት መሬት መሬት እያየች ሩሯን ብቻ ዘረጋችላት። ስሟን እንኳ አልነገረቻትም።

ከዚያ ወዲህ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተሯ የዳርሲ ሆኗል። የአጎቷ ኢንተርኔት ሲመጣ እየፈለገች፣ ሲጠፋ እየጠበቀች ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልታዋለች። ዳርሲ የተወለደችው ከሰው ይልቅ በግ በሚበዛበት ደረቅ የገጠር ከተማ ነው። አባቷ የሰው በግ እየዞረ የሚሸልት ሠራተኛ ነበር። የከተማዋ የጎልፍ ሜዳ ሣር እንኳ ስላልነበረው ጉድጓዱ ዙሪያ አሸዋ ደልድለው ነበር የሚጫወቱት። በጎልፍ የሚያሸንፈው ኳሷን በጥቂት ምት ጉድጓድ ያስገባ ነው፤ ዳርሲ ገና በአሥራ አራት ዓመቷ የከተማዋን ጎልማሶች ሁሉ በለጠቻቸው። ፕሮፌሽናል የሚያደርገውን ማጣሪያ ሁለት ጊዜ ወደቀች፣ በሦስተኛው አለፈች። በሃያ አራት ዓመቷ የመጀመሪያ ዋንጫዋን ወሰደች። ከዚያ የእጇ አንጓ ተጎድቶ ሁለት ዓመት ዱላ ሳትጨብጥ ከረመች። ተመልሳም እስከ ዛሬ አሥራ አራት ዋንጫ አንሥታለች። ማርያማዊት ይህን ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ትወጣዋለች።

ታዲያ ለቃለ መጠይቁ ማን ተመረጠ? ጤናዬ!

ጤናዬ ዘንድሮ ከዳባት መጥታ፣ ደባርቅ ቤት ተከራይታ ከታላቅ እህቷ ጋር የምትማር፣ ሳቋ ከቁመቷ የሚበልጥ ልጅ ናት። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ዴስክ ላይ ተገናኝተው ጓደኛ ሆኑ። ስለ ጎልፍ የምታውቀው «ያ ሽማግሌዎች በትንሽ መኪና እየዞሩ የሚጫወቱት» እስከሚለው ድረስ ነው። የእንግሊዝኛ መምህራቸው ሰይፈ ሥላሴ ግን ቃለ መጠይቁን የሚያደርግ ተማሪ ሲመርጡ ጥያቄዎቹን ጮክ ብሎ ማንበብን ፈተና አደረጉት። ማርያማዊት ራሷ የጻፈቻቸውን ስምንት ጥያቄዎች ይዛ ቆመች። ገና ከሁለተኛው ሳትደርስ መምህሩ ጆሯቸውን በእጃቸው ደገፍ አድርገው «የት አለሽ? እየሰማሁሽ አይደለም» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ካህን ቤት ነው ያደገችው፤ ድምፅን ከፍ ማድረግ ማንም አላስተማራትም። ጤናዬ ተነሥታ ያንኑ ወረቀት ስታነብ ግን ቴሌቪዥን የተከፈተ መሰለ።

«ጥያቄው የማርያማዊት፣ ድምፁ የጤናዬ!» አሉ መምህሩ እጃቸውን እያፋተጉ። «ቅጂው ሰኞ ጠዋት በሚኒ ሚዲያ ለተማሪው ሁሉ ይተላለፋል።»

የግብዣው ደብዳቤም በጤናዬ ስም ተላከ። ማርያማዊት ያን ቀን ለጓደኛዋ «እንኳን ደስ አለሽ» አለቻት። ማታ ደብተሩን ገልጣ አይታ መልሳ ከደነችው። ሁለት ዓመት ሙሉ የእሷ ብቻ የነበረች ሴት በአንድ ክፍለ ጊዜ የሰው ሆነች።

አሁን፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ለመምህሩ የምትሰጠውን ማስታወሻ ለመጻፍ እስክሪብቶ አነሣች። በትንሽ ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ «ቅዳሜ 3፡00» ብላ ጻፈች። እጇ ቆመ። ሦስት ሰዓት ፒኤም ማለት በኛ አቆጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ይህን የስምንተኛ ክፍል ተማሪም ያውቃል። ሴትየዋ «በኢትዮጵያ ሰዓት» ያለችው፣ አዲስ አበባ ወይ ደባርቅ ስልክ የሚያሳየው ሰዓት ማለቷ ነው። ግን ፒኤም የምትለዋ ባትኖርስ?

«3፡00፣ በኢትዮጵያ ሰዓት።» ከመሐል ሁለት ፊደል ብቻ ጎደሉ። የቀረው ሁሉ ሴትየዋ የጻፈችው ነው። ማንም ቢጠይቃት ያየሁትን ነው የጻፍኩት ትላለች። ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ሐሙስ ዕለት መምህር ሰይፈ ሥላሴ ወረቀቱን አንብበው ሲያበቁ ፊታቸው በራ።

«አያችሁ!» አሉ ወረቀቱን ለክፍሉ እያውለበለቡ። «ፈረንጅ ሁሉ የሚያወራው በራሱ ሰዓት ነው። ይህች ሴት ግን አገራችንን ረግጣ ሄዳ ሰዓታችንን ሳይቀር ተምራለች! በኢትዮጵያ ሰዓት ሦስት ሰዓት! ጠዋት ነው፣ ጤናዬና ማርያማዊት ከሁለት ተኩል ጀምራችሁ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ተገኙ። አክብራናለችና እናክብራት!»

ማርያማዊት አንገቷን ደፋች። ጤናዬ በክርኗ ጎሰም አድርጋት «አንቺ፣ ፈራሁ እኮ!» አለቻት በሹክሹክታ።

«አይዞሽ» አለች ማርያማዊት። ዕቅዱ በዚያች ደቂቃ ሙሉ ሆነ። ጠዋት ይመጣሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ይሄዳሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስክሪኑ ሲጠራ እሷ ብቻዋን ትኖራለች። ሰኞ በሚኒ ሚዲያ የሚሰማውም የእሷ ድምፅ ይሆናል። «በድንገት ስትደውል እዚያው ነበርኩ» ማለት ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ደባርቅ በገበያተኛ ተሞልታለች። ጤናዬ ሹሩባ ተሠርታ፣ የእህቷን ሰማያዊ ሹራብ ተውሳ መጣች። መምህር ሰይፈ ሥላሴ ከረባት አስረዋል። እንግዳው ደግሞ ለክብሩ ፎቶ ኮፒ ማሽኑን አጥፍቶ፣ ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ዛሬ አውስትራሊያ አለብን» እያለ ይመልሳል። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ተኩል ሆነ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የራሳቸው ፊት ብቻ ነው።

«እስክትደውል ስለ እሷ ንገሪኝ እስቲ» አለች ጤናዬ። «ያ ሁሉ ደብተር ምን ይላል?»

ማርያማዊት መንገር ጀመረች። ስለ በጎቹ፣ ስለ አሸዋው ሜዳ፣ ስለ ሁለቱ ውድቀት ነገረቻት። ጤናዬ ደግሞ ማዳመጥ ትችልበታለች፤ አፏን ከፍታ «እ?» «ከዚያስ?» ትላለች። ማርያማዊት ሳታስበው ድምፅዋ ሞቅ አለ። ከዚያ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሆናት የሆነው ነገር ላይ ደረሰችና ሁሉም በልቧ መጣ። የመጨረሻው ቀን ነው፤ ዳርሲ እየመራች ነው፤ ልትመታ ዱላዋን ሣሩ ላይ ስታስጠጋ ኳሷ የአንድ ጣት ያህል ተንቀሳቀሰች። ዳኛ አላየም፣ ካሜራ አላየም። ዳርሲ ራሷ ዳኛውን ጠርታ «ኳሷን ነክቻታለሁ» ብላ በራሷ ላይ አንድ ምት አስጨመረች። በዚያችው በአንዲቷ ምት ዋንጫው አመለጣት።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሆናት ትልቁን ውድድር በአንድ ምት ተሸነፈች» ብቻ አለች ማርያማዊት።

«በአንድ ምት ብቻ? እንዴት?»

«እንጃ» አለች። «እንዲሁ ተሸነፈች።»

አራት ሰዓት ተኩል ሲል መምህሩ ከረባታቸውን ፈቱ። ዛሪማ ከተማ ለቅሶ ስላለባቸው ከዚያ በላይ መቆየት አይችሉም። «ትልልቅ ሰዎች ብዙ ሥራ አለባቸው፤ አንቀየምም» አሉ፣ ፊታቸው ግን ተቀይሟል። እሳቸው ሲወጡ ጤናዬ ከወንበሩ አልተነሣችም።

«እኔ ነኝ አይደል?» አለች።

«ምኑ?»

«ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ‘ዲር ዳርሲ’ ነው ያልኩት። በስሟ መጥራት ነውር ይሆን እንዴ? ሚስስ ማለት ነበረብኝ?» ሳቅ አለች፤ ዐይኗ ግን እንባ አቅርሯል። «ሙድ አትያዥብኝ እሺ? ሼም ነው እኮ። ለዳባት ሰው ሁሉ ነው የነገርኩት። እህቴ ሰኞ በስልክ ለእናቴ ልታሰማልኝ ነበር።»

ማርያማዊት ይህቺ ልጅ ብትቆጣ፣ ብትሳደብ ምንኛ ደስ ባላት! «አንቺ አይደለሽም» አለቻት። ጤናዬ የጥያቄውን ወረቀት አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለእናቷ ከገበያ በርበሬና ሳሙና ገዝታ ከሰዓት በሚኒባስ ዳባት ትወርዳለች፤ እስከ ሰኞ አትመጣም። ማርያማዊት ይህን ስትሰማ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። አላላትም፤ ግን ዕቅዱንም አልተወችውም።

ለምሳ ቤት ስትገባ አባቷ መሪጌታ ቴዎፍሎስ ከደጁ ጥላ ሥር ተቀምጠው ንባብ ያስተካክላሉ። ፊታቸው የተቀመጠው ከበየዳ የመጣ፣ ጢሙ ያጎፈረ ዲያቆን ነው፤ ሀብተ ሚካኤል ይባላል። ዳዊቱን ይዞ ሲወርድ መሪጌታ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አደረጉ።

«ገደፍህ።»

«ምኑን የኔታ?»

«አንዲት ፊደል ዘለልህ። ተመለስና ከላይ ጀምር።»

ዲያቆኑ ከላይ ጀመረ። እዚያው ቦታ ሲደርስ ደግሞ ዘለላት። መቋሚያው ዳግም መሬቱን መታ።

«የኔታ፣ አንዲት ፊደል ናት እኮ! ምሥጢሩ ተሰምቷል» አለ ዲያቆኑ ላቡን እየጠረገ።

«ምሥጢሩማ ተሰማ፤ ግን ሌላ ምሥጢር ነው የተሰማው» አሉ መሪጌታ ሳይቆጡ። «ያልተጻፈ የጨመረና የተጻፈ የገደፈ እኔ ዘንድ እኩል ናቸው። ከላይ ጀምር።»

ማርያማዊት ሽሮዋን ሁለት ጉርሻ በልታ ትታው ተነሣች። አባቷ ቀና ብለው «ምነው ልጄ፣ አመመሽ?» አሏት። «የለም አባባ፣ ጋሽ እንግዳው ይጠብቀኛል» አለችና ወጣች። መንገዱን ሁሉ ከራሷ ጋር ስትሟገት ሄደች። ጥያቄው የኔ ነው። ደብተሩ የኔ ነው። ሩሯ የወደቀችው እኔ እግር ሥር ነው። እሷ ምን አላት? ድምፅ! ድምፅ ደግሞ ሬድዮም አለው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ስትደርስ ሙግቱን አሸንፋ ነበር።

እንግዳው የተቆለለ የፈተና ወረቀት እያባዛ ነው። «ምነው ተመለስሽ?» አላት።

«ምናልባት ከደወለች ብዬ» አለችና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ፀጉሯን አስተካከለች። ጥያቄዎቹን በልቧ ወጣቻቸው፤ ስምንቱም አሉ። መቅጃውን ከፈተች።

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስክሪኑ ጠራ።

ፊቷ ፀሐይ የጠበሳት፣ ነጭ ቆብ ያደረገች ሴት ብቅ አለች። ከኋላዋ የሆቴል መጋረጃ ይታያል። ዕድሜ ትንሽ ጨምራለች እንጂ ራሷ ናት፤ ያቺው ጎንበስ ብላ ስም የጠየቀች ሴት። «ሄሎ ደባርቅ!» አለች በእንግሊዝኛ፣ ሰፊ ሳቅ ስቃ። «ቴናዬ ነሽ?»

«አይደለሁም» አለች ማርያማዊት፤ «ጤናዬ የለችም።»

ይህም እውነት ነው። ሙሉ በሙሉ እውነት ነው፤ ጤናዬ የለችም። ቀጥላ «እኔ ማርያማዊት ነኝ፣ እኔ እጠይቅዎታለሁ» ማለት ብቻ ቀርቷታል። የተናገረችው ሁሉ እውነት ሆኖ፣ ሁለት ፊደል ብቻ ጎድሎት፣ ነገሩ ያልቃል።

«አዬ፣ አመማት እንዴ?» አለች ዳርሲ፣ ከልቧ አዝና።

«አላመማትም» አለች ማርያማዊት። «ሰዓቱን እኔ ነኝ የነገርኳት። በትክክል አልነገርኳትም።»

«በስህተት ነዋ። ያጋጥማል፣ ምንም አይደለም።»

ሴትየዋ ራሷ የማምለጫ በር ከፍታላት ነበር። ማርያማዊት ሆን ብዬ ነው ልትላት ፈለገች፤ ሆን ተብሎ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ግን አታውቅም። በሁለት ዓመት ደብተር ውስጥ ያ ቃል አንድም ቀን አላስፈለጋትም። «በስህተት አይደለም» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «አውቃለሁ። ሰዓቱን እኔ አውቃለሁ። ጤናዬ አታውቅም። እኔ መጠየቅ ፈለግሁ።»

እንግዳው የፎቶ ኮፒ ማሽኑን አቆመ። ቋንቋው ባይገባውም የእህቱን ልጅ እንዲህ ጮክ ብላ ስትናገር ሰምቷት አያውቅም። ዳርሲ ቆቧን አውልቃ አየቻት። ሳቋ የለም፤ ቁጣም የለም።

«አሁን የት ናት?» አለች።

«መኪና ውስጥ።»

«ስልክ አላት?»

ማርያማዊት የአጎቷን ስልክ ከጠረጴዛው ላይ ቀማ አድርጋ ደወለች። ሁለት ጊዜ ጠራና ተነሣ። የሚኒባስ ሞተርና የሠርግ ዘፈን ከጤናዬ ድምፅ ቀድመው ገቡ።

«ጤናዬ፣ ስሚኝ፣ አትዝጊው። ሰዓቱ ዘጠኝ ነበር። ፒኤም ይላል፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አውቄ ነው። አሁን ስክሪኑ ላይ ናት፣ እየጠበቀችሽ ነው።»

ዘፈኑ ብቻ ተሰማ።

«አንቺ?» አለች ጤናዬ ቀስ ብላ። «ጠዋት ሳለቅስ… አጠገቤ ተቀምጠሽ?»

«አዎ።»

ከዚያ የቦርሳ ዚፕ ሲከፈት ተሰማ። «በኋላ እንነጋገራለን» አለች ጤናዬ፤ ድምፅዋ እንደ ድንጋይ ደርቋል። «አቅርቢኝ። ሹፌር! ወንድም ጋሼ፣ ዘፈኑን ቀንሱልኝ በእናትዎ!»

ማርያማዊት ስልኩን ላውድ ላይ አድርጋ ወደ ኮምፒውተሩ ማይክሮፎን አስጠጋችው። «ይህች ጤናዬ ናት» አለች ለዳርሲ። ከስልኩ ውስጥ ያ ቴሌቪዥን የመሰለ ድምፅ ፈሰሰ። ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ቃል በቃል ይሰማል። ጎልፍ ስትጀምሪ በከተማሽ ሌላ ሴት ልጅ ትጫወት ነበር? ሁለት ጊዜ ስትወድቂ ምን አልሽ? ዳርሲ ወደ ስክሪኑ ቀረብ ብላ እየሳቀች፣ አንዳንዴም እያሰበች ትመልሳለች። የበግ ፀጉር ሽታ እስከ ዛሬ ከአባቷ ኮት እንዳልለቀቀ ነገረቻቸው። ከሚኒባሱ ውስጥ የአንዲት አሮጊት ድምፅ «ይቺ ልጅ ከማን ጋር ነው በእንግሊዝ አፍ የምትጨቃጨቀው?» ሲል ረዳቱ «እማማ ዝም ይበሉ፣ አውሮፓ ናት!» አለ። ዳርሲ ምን እንደተባለ ሳይገባት ከትከት ብላ ሳቀች።

የማርያማዊት ክንድ ዛለ። ቅናቱም አለ፤ የትም አልሄደም። ጤናዬ ጥያቄውን ባነበበች ቁጥር «የኔ ናት» የሚል ነገር ከውስጧ ይቆነጥጣታል። ክንዷን ቀየረች እንጂ ስልኩን አላወረደችም።

አራተኛው ጥያቄ አልቆ ዳርሲ መልሱን ስትጨርስ ስልኩ ጭጭ አለ። «ሄሎ? ጤናዬ? ሄሎ?» መስመሩ ተቋርጧል። ዳባት ሲወርዱ ወቅን አካባቢ ያለው ጠመዝማዛ መንገድ ኔትወርክ እንደሚበላ የማያውቅ የለም።

ዳርሲ ሰዓቷን አየች። «ስድስት ደቂቃ ቀርቶናል» አለች። «ጥያቄዎቹን ታውቂያቸዋለሽ?»

«አውቃቸዋለሁ» አለች ማርያማዊት። «እኔ ነኝ የጻፍኳቸው።» ሳታስበው ነው ያመለጣት።

«አንቺ ነሽ?» ዳርሲ ቅንድቧን ከፍ አደረገች። «ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። እንግዲያው አንቺ ጠይቂኛ፤ እሰማሻለሁ።»

«ምን ትልሻለች?» አለ እንግዳው ከኋላዋ።

«ጠይቂኝ ትላለች።»

«ታዲያ ጠይቂያት እንጂ! የምን መቅለስለስ ነው? ሰዓቱ ሄደ እኮ!»

አምስተኛው ጥያቄ ምላሷ ላይ ነበር። ከስምንቱ ሁሉ የምትወደው እሱን ነው። መቅጃው እየሠራ ነው። ዳርሲ ሆልብሩክ አገጯን በመዳፏ ደግፋ እሷን፣ ማርያማዊትን፣ እያየች ትጠብቃለች።

«ይቅርታ፣ ትንሽ ይጠብቁን» አለች፤ ስልኩንም መልሳ ደወለች።

የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም፣ አለቻት የቴሌዋ ሴት። ዘጋችና ደገመች። አሁንም ማግኘት አይችሉም። አምስት ደቂቃ ቀረ። እንግዳው «ኧረ በማርያም!» እያለ ሱቁ ውስጥ ይንቆራጠጣል። ማርያማዊት ሦስተኛ ደወለች፣ አራተኛ ደወለች፤ ስክሪኑን ላለማየት ዐይኗን ስልኩ ላይ ተክላለች። በአምስተኛው ጠራ።

ሞተሩ ተሰማ፣ የአሮጊቷ ሳል ተሰማ።

«ጥያቄዎቹን ጨረስሻቸው?» አለች ጤናዬ።

«አምስተኛው ላይ ነን» አለች ማርያማዊት፣ ስልኩን ወደ ማይክሮፎኑ እያስጠጋች። «እያዳመጠችሽ ነው።»